ስንዝር የቀረው ቡሉኮ

ሽሮ ሜዳ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እማማ ገበያነሽስ እንዴት ናቸው? የዶርዜ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጌታ ይመስገን። ምሥራቅ ከሸጎሌ እየተመላለሰች ታየኛለች፤ ወጥ ሠርታ ታመጣለች፣ ተቆጥታኝ ትሄዳለች፤ ልጅሽ መሆኗ ያስታውቃል። ኢዮብም ደህና ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ሸማ ሲሠራ ቀኑን ሙሉ ያዜማል አሉ፤ እኔ ስለማልሰማው አልተጎዳሁም።

ባለፈው ስትደውዪ ስልኩን ለኢዮብ መልሼ በመስጠቴ አትቀየሚኝ። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ኮረብታው ላይ ወጥተሽ ኔትወርክ ፍለጋ ስትንከራተቺ እንደነበር ገብቶኛል፤ ግን ከጠየቅሽኝ ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም «ሽንት» የሚል ነው። ያን ሁሉ ሸማኔ በተቀመጠበት ቤት ስለ ሽንቴ ቀለም እየጮህኩ ላስረዳሽ? እንደ ድሮው በወረቀት ይሻለናል። ስብሐት በሳምንት ሁለት ጊዜ መኪናውን ይዞ ጨንቻ ይወጣል፤ አደርሳለሁ ብሎኛል።

ስለ ማሽኑ ጠይቀሻል መሰለኝ። አርብ ዕለት ተደርጎልኛል። ቢላ አልነካኝም። አልጋ ላይ አጋደሙኝና ጎኔ ሥር ውሃ የቋጠረ ትራስ የመሰለ ነገር አስገቡ። ከዚያ ማሽኑ ከታች ይመታኝ ጀመር። ዶክተሩ ሞገድ ነው ይለዋል፤ ሥጋውን አልፎ ኩላሊት ውስጥ ያለውን ጠጠር ብቻ ያደቀዋል ይላል። ነርሷ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል ብላ መሸፈኛ ልታደርግልኝ መጣች። «እህቴ፣ ለኔስ ይቅርብኝ፤ ከስንት ጊዜ አንድ የምሰማው ነገር ባገኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ግን አደረገችልኝ። ምቱ እንደኛ የሽመና ዕቃ ነው፣ አያርፍም። አንድ ሰው ጎኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሸማ የሚሠራ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያው ትንሽ ነገር አለ። ዶክተሩም ይኖራል ብሎ ነበር። ለመጻፍ የሚበቃ አይደለም።

ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም። ጥምቀት ሊደርስ ነው፤ ሽሮ ሜዳ መንገዱ በነጠላ ገዢ ተጨናንቋል፤ እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ የሰው እግር በበር ሥር ሲያልፍ አያለሁ። የእናትሽ ነገር ይከነክነኛል። በሠርጋችን ቀን «ሌላ ስጦታ አልፈልግም፤ ስሞት በአንተ እጅ በተሠራ ቡሉኮ ገንዙኝ» ያሉኝን አልረሳሁትም። በቁማቸው የመገነዣ ልብስ መሥራት ማሟረት ይሆንብኛል እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሸሸሁ። አሁን ግን አንቺ ራስሽ በጸሎት አስቡን ብለሽ ከላክሽ መሸሻ የለኝም። ፈትሉን አስመጥቻለሁ፤ እያዘጋጀሁት ነው።

በርቺ። ከአልጋቸው አጠገብ አትራቂ። ለኔ አታስቢ።

ባልሽ ሙሉቀን


ዶርዜ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ አባት፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ኢዮብ ዜማ ጽፈሃል፣ ስለ ነርሷ ሳቅ ጽፈሃል፣ እኔ ከጠየቅሁህ ግን አንዱንም አልመለስክም። «ትንሽ ነገር አለ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እዚህ ተራራ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሹን ነገር በራሴ እንድገምት ነው? ምሥራቅ ደውላ ነግራኛለች። ሸሚዝ ስትቀይር ጎንህ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጠቁሮ አይታለች። አስደንግጠሃታል፤ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብለህ ደግሞ የባሰውን አስደንግጠሃታል።

እዚህ ጤና ጣቢያ ሲና የምትባል ነርስ አለች፤ እናቴን እየመጣች የምታያት እሷ ናት። ያንተን ነገር ጠየቅኋት። ከማሽኑ በኋላ ሽንት ለጥቂት ቀን ደም ይቀላቅላል፣ አትደንግጡ አለች። የተመታው ቦታ ይጠቁራል፣ ቀስ እያለ ይለቃል አለች። የደቀቀው ጠጠር እንደ አሸዋ ሆኖ ሲወርድ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት አለው፤ እሱም ያልፋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ብርድ ብርድ ካለህና ካንቀጠቀጠህ፣ ወይም አሸዋው ሳያልቅ መውረዱን ካቆመ፣ አሸዋው መንገድ ዘግቶ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ያኔ አንድ ቀን እንኳ አይታደርም፣ ወዲያው ሆስፒታል፤ ካልሆነ ኩላሊቱንም ሰውየውንም ይገድላል አለች። ይህን እሷ ያለችኝን እንዳለ ጻፍኩልህ፤ ሰፍቼ አላሳመርኩልህም።

ሌላው ውሃ ነው። ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ። ለምን እንደማትጠጣ አውቃለሁ። ከዚያ የሽመና ጉድጓድ መውጣት ስለሚያስጠላህ ነው። ጠዋት እግርህን ጉድጓዱ ውስጥ ካስገባህ ማታ ነው የምታወጣው፤ ውሃ የጠጣ ሰው ደግሞ መነሳት አለበት፣ የተነሳ ሰው እጁ ይፈታል፣ የሸማው ዳር ይወላገዳል። ይህን ሁላችሁም ሸማኔዎች ስትሉ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ጠጠሩንም ያመጣብህ እሱ ነው።

እናቴ እንደነበረችው ናት። ከሾርባ በቀር ምንም አትወስድም፣ እጇ ከስቷል። አፏ ግን አልታመመም። ያንተን ደብዳቤ ሳነብላት ዐይኗን ጨፍና ሰምታ፣ «ያ ሰነፍ ዛሬም ፈትል ነው የሚያዘጋጀው? እኔ ሞቼ ልጨርስ ነው፣ እሱ ገና ሊጀምር ነው። ፍጠን በይው!» አለች። ከዚያ በሳል ተዳከመች። አትስማት። ድነህ ትሠራዋለህ።

ለጠየቅሁህ መልስ ስጠኝ።

ዓለሜ


ሽሮ ሜዳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? የእማማ ሳል እንዴት ሆነ?

እሺ፣ እውነቱን እጽፋለሁ። ሽንቴ ሁለት ቀን እንደ ቀይ ሻይ ሆኖ ነበር፤ ጠርቷል። ጎኔ የጠቆረው አሁን ወደ አረንጓዴ ተለውጧል፤ ቀለሙ ካንቺ ያረጀ ቀሚስ ጋር ይሄዳል። ቁርጠቱ ግን ሲና እንዳለችው እየመጣ ይሄዳል። ሲመጣ ጎበዝ ነኝ አልልም። ትናንትና ግቢው ውስጥ ግድግዳ ይዤ ተንበርክኬ አገኙኝ፤ የወደቀብኝ ነገር ፍለጋ ነው ብዬ ሸነገልኳቸው። ሰው አርጅቶ እንደ ሕፃን በሽንቱ ሲጠመድ ያሳፍራል፤ የሚያደክመኝ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ነው።

ይቅርታ የምጠይቅሽ ሌላ ነገር አለ። ሆስፒታሉ ሽንትህን በጨርቅ እያጠለልክ የወረደውን አሸዋ ሰብስበህ አምጣ ብሎኛል፤ ምን ዓይነት ጠጠር እንደሆነ ይመረምሩታል። እኔ ደግሞ በሱቅ ጨርቅ አላምንም። ሳጥንሽ ውስጥ ያለውን አሮጌ ነጠላ፣ ጥለቱ የደበዘዘውን፣ ከጫፉ ቆረጥኩት። የራሴ እጅ ሥራ ነው፣ ማጉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ምንም አያመልጠውም። የያዘውን በክብሪት ቀፎ አስቀምጫለሁ። የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ፣ ቡናማ፣ ሹል ሹል ያሉ ናቸው። ያን ሁሉ ሌሊት ያስለቀሰኝ ይህ ነው ወይ ብዬ ታዘብኳቸው።

አሁን ደግሞ አትቆጪኝ። ወደ ጉድጓዱ ወርጃለሁ። ቡሉኮውን ጀምሬዋለሁ። ፍጠን ብለውኝ የለ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍጠን ሲሉኝ ኖረው አሁን እንኳ ባልፈጥን መቼ ልፈጥን ነው? እንደምታውቂው ሁለት ግማሽ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ከመሐሉ አልፏል። ጠንካራ ፈትል ነው፣ ከባድ ነው፤ ሲመታ ጎኔ ድረስ ይሰማኛል። ቢሆንም አልጋ ላይ ሆኜ የሰው እግር ከምቆጥር ይሄ ይሻላል። ሥራ ላይ ስሆን ሰው ነኝ።

ውሃ በትልቅ ጠርሙስ ሞልቼ ከጎኔ አስቀምጫለሁ። ኢዮብ ጠርሙሱን እያየ ይስቃል።

ለእማማ ጀምሯል በያቸው። እየፈጠነ ነው በያቸው።

ሙሉቀን


ዶርዜ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ አባት፣

እንደምን አለህልኝ? ሳልጽፍልህ በመዘግየቴ ይቅር በለኝ። ቤቱ ሰው በዝቶበታል፤ ጠያቂው ከዚህም ከዚያም ይመጣል፣ ቁጭ የምልበት ጊዜ አጣሁ። ጽሕፈቴ ከተበላሸብህ ብርዱ ነው፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ሰሞኑን እንቅልፍም የለኝ።

እናቴ ደህና ናት። ዛሬ ምንም አያማትም። ቡሉኮውን መጀመርህን ሰምታ በጣም ደስ አላት። «ልጄ ሙሉቀን አይቸኩል፤ ጤናው ይቅደም፤ እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት» ብላሃለች። እንግዲህ እሷ ራሷ አይቸኩል ካለች ምን ያስቸኩልሃል? ሥራውን ተወው። ለክረምት ይደርሳል። እባክህ፣ አልጋህ ላይ ተመለስና ውሃህን ጠጣ።

ጠርሙሱ አጠገቤ ነው ብለሃል። እየጠጣሁት ነው አላልክም። እኔ ያንተን አጻጻፍ አውቃለሁ።

ነጠላውን ቆረጥኩ ያልከው ምንም አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣህ ነበር። ሁሉንም ቁረጠው፤ አንተ ብቻ ዳንልኝ። የሚቀረኝ አንተ ነህ።

እዚህ ላለው ነገር አታስብ። እኔ ሳልጠራህ እንዳትመጣ።

ዓለሜ


ሽሮ ሜዳ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለሜ፣

እንደምን ነሽ? ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የእማማን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው።

ሥራውን ግን አላቆምኩም። የመጀመሪያውን ግማሽ ከዕቃው አውርጄ አጣጥፌ አስቀምጫለሁ፤ ሁለተኛውም ወደ ማለቁ ነው። ጥሩ ሆኗል። እኔ የራሴን ሥራ እንደማላሞግስ ታውቂያለሽ፤ ይሄኛው ግን ጥሩ ነው።

የምሥራች ልንገርሽ። ከሰኞ ወዲህ አሸዋው ቆሟል። ነጠላው ላይ ምንም የሚቀር የለም። አልቋል ማለት ነው፤ ድኛለሁ። ጎኔን ትንሽ ይከብደኛል፤ እሱ የመቀመጥ ነው። ምግብ አላሰኘኝም፤ እሱም የምሥራቅ ጨው ነው። ማታ ማታ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ በርትቷል፤ ሁለት ጋቢ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጠዋት ላይ ይተወኛል።

እዚህ ሰው ሁሉ ምን እንደነካው አላውቅም፤ ደግ ሆኖልኛል። ኢዮብ ሳልጠይቀው ውሃ ቀድቶ ያመጣና እስክጠጣ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ዐይኔን ግን አያይም። ፈትል የምትሸጥልን ሴትዮ እንኳ፣ ያቺ ሰላምታ የምትቆጥበው፣ ትናንት እጄን በሁለት እጇ ይዛ «አይዞህ» አለችኝ። ምን ሆኜ ነው የምታዝኑልኝ ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ተውኩት። ለመጠየቅም ጉልበት ይፈልጋል።

ሐሙስ ካልሆነ አርብ ይጨረሳል። ቅዳሜ በስብሐት መኪና ይዤው እመጣለሁ። እንዳትመጣ ብለሻል፤ አውቃለሁ። ግን በሰው እጅ የሚላክ ነገር አይደለም።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓለሜ፣ በጣም ደክሞኛል።

ሙሉቀን


ዶርዜ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሉቀን፣

መኪና ላይ እንዳትወጣ።

ይህን ወረቀት ለብቻህ ሆነህ አታንብበው። ኢዮብ ወይም ምሥራቅ አጠገብህ ይቀመጡ።

እናቴ ጥር 16 ቀን፣ አርብ ጠዋት ዐርፋለች። ቅዳሜ ቀበርናት። በታናሽ ወንድሟ ቡሉኮ ገነዝናት። ይቅር በለኝ፤ «ደህና ናት» ብዬ የጻፍኩልህ ከተቀበረች በኋላ ነው። ያንን ስጽፍ ለቀስተኛው በር ላይ ነበር።

ለታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገር አንተም ታውቃለህ። ሽማግሌዎቹም ይዳን፣ ይቁምና ይነገረዋል አሉ። ለኢዮብ ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ስብሐትንም ያስማልኩት እኔ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ያለው የኛ ሰው በሙሉ ሰምቷል፤ በጀርባህ ይነጋገሩበታል፤ ላንተ አፉን ይዞልኝ ነው። ብትሰማ በዚያው ቀን መኪና ላይ እንደምትወጣ አውቄ ነው ያደረግሁት። ያንን ሁሉ መንገድ፣ የተሰባበረ ጠጠር በጎንህ ይዘህ፣ ለቅሶ ቆመህ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ። አንድ ሰው ቀብሬ ሌላ ልቀብር? አልሆነልኝም።

አሳርፈዋለሁ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ከጉድጓዱ አላወጣህም። እየኖረች ይመስልህና ለሷ ልትደርስላት ትሠራለህ። አሁን የምትደርስላት ሰው የለችም። ተነስ። ዕቃውን ተወው።

«አሸዋው ቆሟል፣ ድኛለሁ» ያልከውን ለሲና አነበብኩላት። ወረቀቱን ተቀብላኝ ራሷ ደግማ አነበበችው። ብርዱስ፣ መንቀጥቀጡስ አለችኝ። ከዚያ ደውዪ አለችኝ። ኮረብታው ላይ እየሮጥኩ ወጥቼ ምሥራቅን አገኘኋት። ያ ነፋስ አይደለም፣ ሙሉቀን። ይህ ወረቀት ሳይደርስ እሷ እንደምትደርስልህ ለጌታ ነግሬዋለሁ።

አንተ ብትሄድብኝ የገደልኩህ እኔ ነኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዓለሜ


ሆስፒታል፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓለሜ፣

አለሁ። መጀመሪያ እሱን ልጻፍልሽ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እማማን ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። በቦታው ቆሜ ልልሽ የሚገባኝን በወረቀት ስላልኩሽ ይቅር በይኝ።

ምሥራቅና ባሏ መጥተው አወጡኝ አሉ። ከጉድጓዱ መውጣቴን አላስታውስም፤ ኢዮብ ብብቴን ይዞ እንደጎተተኝና መወርወሪያውን አልለቅም እንዳልኩ ይተርካል። አራት ቀን ሙሉ ትኩሳት ነበር። አሸዋው አላለቀም ነበር። ከኩላሊት በሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ እንደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሰልፎ ቆሞ መውጫ ዘግቷል። ከኋላው ሽንቱ ተጠራቅሞ አመረቀዘ። ዶክተሩ በወገቤ በኩል ቱቦ አስገብቶ አፈሰሰው። ከረጢቱ አልጋው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰው ሲመጣ በጋቢ እሸፍነዋለሁ። ማሽኑን አልረግመውም። ጠጠሩን እንደተባለው አድቅቆታል፤ የደቀቀውን ማጠብ የኔ ድርሻ ነበር። ኩላሊቱ ተርፏል። እንደ ድሮው ይሆን አይሆን ገና አይታወቅም ብለውኛል። ሸማና ጉድጓድን ለጊዜው እርሳ ተብያለሁ።

ኢዮብ ያንቺን ደብዳቤ ይዞ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ፣ ከፊት ለፊቴ ቆመው ከነበሩት የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱን በዐይኑ ጠራ። «ተወው ኢዮብ፣ አውቄዋለሁ» አልኩት። እንደመታሁት ሁሉ ደነገጠ።

አውቄ ነበር፣ ዓለሜ። ከጥር 19ኙ ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቄ ነበር። እናትሽ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አይቸኩል ብለውኝ አያውቁም። ልጄ ሙሉቀን ብለው ጠርተውኝም አያውቁም። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ እሳቸው ቤቱ ውስጥ እንደሌሉ ገባኝ። የኢዮብን ዐይን አየሁ፣ የፈትል ሻጯን እጅ አየሁ፣ ሁሉም ልክ መጣልኝ።

ለምን አላቆምኩም ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። መርዶ ያልመጣለት ሰው ማልቀስ አይችልም። ማን ሞተብህ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ ሠራሁ። ዕቃው እስካልቆመ ድረስ እሳቸው እዚያ ላይ ሆነው ሰነፍ እያሉ የሚሰድቡኝ ይመስለኝ ነበር፤ ስድቡ እንዲቀርብኝ አልፈለግሁም። ጠርሙሱንም ቢሆን ዐይቼው ነው የተውኩት። ልነሳ ባልኩ ቁጥር ከተነሳሁ አልመለስም እያልኩ ቀረሁ።

ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለብቻሽ አትውሰጂው። አንቺ መሞታቸውን ደበቅሽኝ፣ እኔ ማወቄን ደበቅሁሽ። አንዳችን ሌላችንን ለማሳረፍ ብለን ሁለታችንም አላረፍንም።

ሽማግሌዎቹ በሥርዓቱ ከነገሩኝ በኋላ አለቀስኩ። በጎን አልጋ የተኛው ሰውዬ ቱቦው ያመመኝ መስሎት ነርስ ጠራብኝ።

ቡሉኮው አላለቀም። የሁለተኛው ግማሽ ስንዝር ይቀረዋል። ኢዮብ ልጨርስልህ አለኝ፤ ቆይ፣ ዓለሜን ልጠይቃት አልኩት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በመጨረሻ ስለኔ ምን አሉ? ያንቺን አሳምረሽ ሳይሆን የሳቸውን ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን።

ሙሉቀን


ዶርዜ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሉቀን፣

በሕይወት ስላገኘሁህ ጌታን አመሰግነዋለሁ። አውቀህ ዝም ያልከኝን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ስመጣ እንነጋገራለን።

የጠየቅኸኝ ይኸው፤ አንድም አልጨመርኩበትም። አርብ ጠዋት ሾርባዋን ገፋችውና «ጨረሰ?» አለችኝ። ደስ እንዲላት ብዬ «ጨርሷል፣ መንገድ ላይ ነው» አልኳት። ዐይኗን ገልጣ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ መዋሸት መቼም አይሆንልሽ። እሱ ጨርሶ አያውቅም። ይልቅ ለኔ ያለውን ራሱ ይልበሰው፤ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ወገቡን ይበርደዋል» አለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

ይህንኑ እንዳለ ጽፌልህ ቢሆን ኖሮ ከጉድጓዱ ትወጣ ነበር። እኔ ግን ስድቡ ያምሃል ብዬ በምርቃት ለወጥኩልህ።

የሐዘኑ ሰው ተሸኝቷል። ቅዳሜ በስብሐት መኪና እመጣለሁ። ሁለቱን ግማሽ ራሴ እሰፋቸዋለሁ፤ አንተ ትለብሰዋለህ። ከረጢቱንም እሱ ይሸፍንልሃል።

ኢዮብን የቀረውን ስንዝር እንዳይነካው ንገረው። ካለበት ይቆረጥ። አንዱ ወገን አጥሮ እግርህ ቢወጣም ይውጣ፤ ጨርሶ አያውቅም ያለችው ቃሏ እንዲጸና እፈልጋለሁ።

እስክደርስ ውሃህን ጠጣ።

ዓለሜ